ከደጋው ውኃ እስከ ከተማው መብራት፦ የመልካ ዋከና ኃይል ማመንጫ አመጣጥ

(ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1882 በለንደንና በኒው ዮርክ ኤሌክትሪክ ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር፣ እንፋሎቱን ያፈላው የድንጋይ ከሰል ነበር። ከዚያ ወዲህ የብዙ አገሮች ኢንዱስትሪ በከሰል ጣቢያዎች ላይ ተመሥርቶ አድጓል። አገራችን ግን ሌላ መንገድ ይዛለች። ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል።

153 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የከሰል ጣቢያ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ግማሽ ኪሎ ግራም ከሰል ያነዳል ብንል፣ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በየሰዓቱ 76 ቶን ያህል ያስፈልገዋል። ይኸውም 30 ቶን የሚጭኑ ከሁለት በላይ መኪናዎች፣ ቀንም ሌሊትም፣ በየሰዓቱ ማራገፍ አለባቸው ማለት ነው። በያዩ፣ በደልቢና በሞዬ የታወቀው ከሰላችን ደግሞ የሚገኘው ከባቡር ሐዲድ ርቆ፣ በደቡብ ምዕራብ ነው። በአንጻሩ በሴኮንድ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 300 ሜትር ቢወርድ ከ2.5 ሜጋ ዋት በላይ ይሰጣል። ዝናቡ ለደጋው የሚያመጣውን ውኃ ማንም በመኪና አያጓጉዘውም።

የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1956 ከተቋቋመ በኋላ ሥራው በአዋሽ ወንዝ ላይ አተኮረ። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የ43.2 ሜጋ ዋት የቆቃ ጣቢያ በ1960 ተመረቀ። በ1966 አዋሽ 2፣ በ1971 አዋሽ 3፣ እያንዳንዳቸው በ32 ሜጋ ዋት ተከተሉት። ሦስቱም ከቆቃ ግድብ የሚለቀቀውን ያንኑ ውኃ ተራ በተራ የሚጠቀሙ በመሆናቸው፣ አዋሽ ሲጎድል ሦስቱም አብረው ይደክሙ ነበር። ስለዚህ ከሌላ ተፋሰስ ኃይል መፈለግ ግድ ሆነ።

አርሲና ባሌ በሚዋሰኑበት ደጋ፣ በዋቢ ሸበሌ ላይ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው መልካ ዋከና በ1988 ሥራ ጀመረ። አራቱ ተርባይኖቹ በጠቅላላው 153 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ፤ ይህም ከሦስቱ የአዋሽ ጣቢያዎች ድምር ይበልጣል። ኃይሉም በ230 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ቆቃ ተላከ።

ይሁን እንጂ መስመሩ በላያቸው ያለፈባቸው የደጋው መንደሮች ለብዙ ዓመታት በኩራዝ ብርሃን ኖረዋል። በ1967 አሰላ ላይ ሥራውን የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ከውጭ የሚመጣ ማዳበሪያ ለገበሬው ሲያከፋፍል፣ ለማሳው ይውል የነበረው ኩበት ግን በየምድጃው ይነድ ነበር። የገጠሩን ሕዝብ ለማዳረስ ሰፊ ፕሮግራም የተነደፈው በ2005 ነው።

የውኃ ኃይልም የራሱ ደካማ ጎን አለው። በ2003 እና በ2009 ግድቦች በመጉደላቸው መብራት በፈረቃ ታድሏል። በኢተያ አካባቢ ለታቀደው የ100 ሜጋ ዋት የአሰላ ነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2021 ውል መፈረሙ ጥሩ እርምጃ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ነፋሱ በበጋ፣ ወንዞች በሚጎድሉበት ወራት፣ ይበረታልና።

መሐንዲስ ግድቡን ይሠራል እንጂ ውኃውን አይፈጥርም። የተፋሰሱን አፈርና ዛፍ የሚጠብቀው ገበሬው ነው። ዛፉ ለማገዶ ከተቆረጠ አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ግድቡ ይወርዳል፤ የግድቡም ዕድሜ ያጥራል። ስለሆነም ለደጋው ነዋሪ ኤሌክትሪክ ማድረስ የጣቢያው አንዱ የጥገና ሥራ ተደርጎ ሊቆጠር ይገባል እንጂ እንደ ችሮታ ሊታይ አይገባም።