«የመጨረሻው ጦርነት» ከጅጅጋ ሲታይ

ሰሞኑን ለሥራ ጅጅጋ በቆየሁባቸው ቀናት ካየኋቸው የቆዩ ፊልሞች አንዱ «ዲስ ኢዝ ዘ አርሚ» ይባላል። ዋርነር ብራዘርስ በ1935 ዓ.ም. ያወጣው ሙዚቃዊ ፊልም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ያዘጋጀው የ«ካዛብላንካ»ው ማይክል ከርቲዝ፣ ዘፈኖቹን የደረሰው ኢርቪንግ በርሊን፣ ወጣቱን ወታደር ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ነው። ወታደሩ «ብሞት መበለት ትሆናለች» ብሎ እጮኛውን ለማግባት ያመነታል፤ በመጨረሻ እርሷ ታሸንፋለች፣ ይጋባሉ፣ እርሱም ይዘምታል። እንባ ለማስፈሰስ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ደግሞም ይሳካለታል።

ፊልሙ ውስጥ ለእኛ አንባብያን እንግዳ ያልሆነ ሰው አለ፦ ቦክሰኛው ጆ ሉዊስ፣ በሳጅን ማዕረግ። ለአሜሪካውያን ጦርነቱ የጀመረው በፐርል ሃርበር ነው። ለእኛ ግን የጀመረው ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድሞ፣ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ከጅጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ወልወል የውኃ ጉድጓዶች ዘንድ ነው። ጣሊያን ወረራውን በምታሰናዳበት በዚያው ዓመት ሰኔ 18 ቀን ሉዊስ ኒውዮርክ ላይ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር አሸነፈው። ጥቁር አሜሪካውያን ያን ግጥሚያ የኢትዮጵያና የሙሶሊኒ ፍልሚያ አድርገው ነበር ያዩት። ያ ክንድ ከስምንት ዓመት በኋላ በዚህ ፊልም ውስጥ ለጭፈራ ማድመቂያ የቦክስ ኳስ ይመታል።

የትርዒቱ ቡድን በዘር በተከፋፈለው የአሜሪካ ጦር ውስጥ ጥቁርና ነጭ አብረው ያገለገሉበት ብቸኛ ክፍል ነበር ይባላል፤ ይህም በበርሊን ውትወታ የተገኘ ነው። በመድረኩ ላይ ግን ጥቁሮቹ የተሰጣቸው የራሳቸው አንድ ትርዒት ነው። በሌላው ደግሞ ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው ይዘፍናሉ። ይህን ከማርዳ በር ግርጌ ሆኖ ማየት ይከብዳል። መጋቢት 8 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅጅጋ የገባው፣ ከቀናት በኋላም በማርዳ የጣሊያንን ምሽግ ያጠቃው የናይጄሪያ ብርጌድ ነበር። ከሞቃዲሾ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ የጥቁሮች ጦር! ለእርሱ የዘፈነ ሆሊዉድ የለም።

በፊልሙ መዝጊያ ወታደሮቹ ተሰልፈው፣ ጦርነት ዳግም እንዳይመጣ አድርገው እንደሚጨርሱት በዜማ ይምላሉ። የጅጅጋ ነገር ግን ሌላ ሆነ። ጣሊያን ሲወጣ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሰባት ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ ሐውድ እስከ 1947 ዓ.ም. አልተመለሰም። ያ መሐላ ከተዘፈነ 35 ዓመት ሳይሞላው፣ በመስከረም 1970 ዓ.ም.፣ ከተማዋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የካቲት 26 ቀን በኢትዮጵያና በኩባ ወታደሮች ተመልሳ ተያዘች። የተዋጉበት ካራማራ፣ ያው ናይጄሪያውያኑ የተዋጉበት የማርዳ ሰንሰለት ነው። በዚያ ጦርነት ስንት ሶማሊ ቤቱን ጥሎ ድንበር እንደተሻገረ እዚህ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ድሉም በሁሉም ቤት በአንድ ዓይነት ስሜት አይታወስም።

የካራማራ ድል በየዓመቱ የካቲት 26 ቀን ይታሰባል። የመጋቢት 1933ቱን ግን ከተማሪዎቼ መካከል ሳልነግረው የሚያውቅ እስካሁን አልገጠመኝም።