ማሆጋኒና ሎሕ፤ የጽሕፈት እንጨት ታሪክ በከሰላ አገር

የጽሕፈት ጠረጴዛ ታሪክ ሲነገር አስቀድሞ የሚነሣው ማሆጋኒ ነው። ይህ ቀይ እንጨት ከካሪብያን ደሴቶች ወደ እንግሊዝ አገር በብዛት መግባት የጀመረው፥ መንግሥት በ1721 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከቅኝ ግዛቶቹ በሚመጣው እንጨት ላይ የነበረውን ቀረጥ ካነሣ በኋላ ነው። ማሆጋኒ ሲደርቅ እምብዛም አይጣመምም፤ ሰፊ ሳንቃ ይወጣዋል፤ ሲወለወልም ያበራል። ቶማስ ቺፐንዴል በ1754 የቤት ዕቃ ንድፎቹን በመጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ሥራው ከለንደን ውጭም ዝናው ተሰማ። የአናጢው ችሎታ የሚታወቀው ግን ከፊቱ ጌጥ ይልቅ መሳቢያው ተስቦ ሲታይ ነው፤ የአንዱ ሳንቃ ጫፍ እንደ ጥርስ ተፈልፍሎ ከሌላው ጋራ ያለ ምስማር ይነካከሳልና።

እንዲህ ያለው ከባድ ዕቃ ወደ ከሰላ በቀላሉ የሚደርስ አልነበረም። ከተማዪቱ በ1840 በግብጽ የጦር ሰፈርነት ተቈርቊራ፥ በ1894 በኢጣልያኖች እጅ ወድቃ፥ በ1897 መጨረሻ ለግብጽ ስትመለስ፥ ከባሕር ጠረፍ ጋራ የሚያገናኛት የግመል መንገድ ነበረ። የምድር ባቡር የደረሰላት በ1924 ነው። ለዘመቻና ለሩቅ ሹመት ሲሉ የእንግሊዝ አናጢዎች ሌላ ብልኀት አበጅተው ነበር፤ ጠረጴዛው ከሁለት ይከፈላል፥ እግሩ ይፈታል፥ ማዕዘኑ በናስ ይጠነክራል፥ እጀታውም በጉዞ እንዳይሰበር ከሳንቃው ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የማሆጋኒ ዘመድ የሆነ ዛፍ በራሱ በሱዳን ምድር፥ በጥቁር ዓባይ አካባቢ መብቀሉ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል።

የከሰላ ልጅ ንባብና ጽሕፈት የጀመረው ግን በጠረጴዛ አይደለም። ከተማዪቱ የኸትሚያ ጠሪቃ ማእከል ናት፤ በ1869 የሞቱት የሰይድ ሐሰን አል ሚርጋኒ መቃብርም ከተራራው ሥር ይገኛል። በኸልዋው፥ ማለት በቁርኣን ትምህርት ቤቱ፥ ተማሪው ከመሬት ተቀምጦ ሎሕ የሚባለውን ሰሌዳ በጭኑ ላይ ያስደግፋል። ለሎሕ ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ በእኛ አገር በደኖ፥ በሱዳን ሒጅሊጅ የሚባለው ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ነቀዝ በቀላሉ አይደፍረውም። ሎሕ መጋጠሚያም መሳቢያም የለውም፤ ከአንድ ሳንቃ ከነመያዣው ይጠረባል። ጥበቡ ያለው በልስላሴው ላይ ነው፤ ቀለሙ ሲደርቅ መያዝ አለበት፥ በውሃ ሲታጠብ ደግሞ መልቀቅ አለበት። ቀለሙም ከጥላሸትና ከሙጫ ይበጠበጣል፤ የገዳሪፍ አገር ደግሞ የሐሻብ ሙጫ አገር ነው።

ሎሑ የሚታጠበው ልጁ የተጻፈውን በቃሉ ለመምህሩ ከወጣ በኋላ ነው። እንግዲህ ሰሌዳው ደብተርም መመዘኛም ነበረ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ትምህርት የትምህርት ቤት ዕቃ የሚቈጥር መዝገብ አላየውም፤ በመዝገቡ ዐምድ ውስጥ የሚገባው ጠረጴዛና ወንበር ብቻ ነውና።

ከመተማ ወዲህም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የብራና ጸሓፊ ቀለሙን በቀንድ አድርጎ መሬት ላይ ይተክላል፤ ብራናውን በጉልበቱ ዘርግቶ በመቃ ብዕር ይጽፋል። ጠራቢው እንጨት የቀረጸው ለጸሓፊው ሳይሆን ለአንባቢው ነበር፤ አትሮንስ የሚባለውም ይኸው ነው።