አሲዱን ማን ሸጠው?

በሰው ላይ አሲድ ሲደፋ ሕዝብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን አደረገው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ስንት ዓመት ተፈረደበት?» ይላል። «አሲዱን ከማን ገዛው?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። የሦስት አገሮች ታሪክ የሚያሳየው ወጣቶችን ለመጠበቅ ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ እንደማያንስ ነው።

ባንግላዴሽ የቅጣት ሕግ አልጎደላትም። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሲድ ፊት ያበላሸ ሰው እስከ ሞት ሊቀጣ ይችል ነበር። ጥቃቱ ግን እየበዛ ሄደ። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ የጋብቻ ወይም የፍቅር ጥያቄ አልቀበልም ያሉ ወጣት ሴቶች ነበሩ። አሲዱም በየገበያው ያለ ጥያቄ ይሸጥ ነበር። በ2002 ወደ 500 የሚጠጉ ጥቃቶች ተመዘገቡ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ጥቃቱን በመቃወም በዳካ ሰልፍ ወጡ። ፓርላማውም ሁለት ሕጎች አወጣ። አንዱ ጥፋተኛውን በልዩ ፍርድ ቤት በፍጥነት የሚቀጣ ነው። ሌላው ሻጩን ይመለከታል፦ አሲድ ለማስመጣት፣ ለማጓጓዝ፣ ለማከማቸትና ለመሸጥ ፈቃድ ግድ ሆነ፤ ያለ ፈቃድ የሚሸጥም ከ3 እስከ 10 ዓመት ይታሰራል። ከአሥር ዓመት በኋላ የጥቃቱ ቁጥር በዓመት ከ100 በታች ወረደ። ለዚህ ውጤት የሲቪል ማኅበራት ዘመቻና ፈጣኑ ፍርድ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ከባድ ቅጣት ብቻውን ሃያ ዓመት ገደማ ተሞክሮ እንዳልበቃ መዘንጋት የለበትም።

በሕንድ መንገዱን የከፈተችው ላክሽሚ አጋርዋል ናት። በ2005 ኒው ዴልሂ ውስጥ ጥቃቱ ሲደርስባት ዕድሜዋ 15 ነበር። በ2006 ጉዳዩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደች። ከሰባት ዓመት ክርክር በኋላ፣ በሐምሌ 2013፣ ፍርድ ቤቱ ሻጮች የገዢውን ስምና አድራሻ እንዲመዘግቡ፣ መታወቂያ እንዲጠይቁ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይሸጡ አዘዘ። ይሁን እንጂ በታኅሣሥ 2022 እዚያው ዴልሂ አንዲት የ17 ዓመት ተማሪ ተጠቃች። ፖሊስ እንዳለው አሲዱ የተገዛው በኢንተርኔት ነው። መዝገቡ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ገበያው ወደ ስልክ ተዛውሮ ነበር።

በብሪታንያ ደግሞ ወጣቱ በሁለቱም ወገን ነበር። በሐምሌ 2017 ለንደን ውስጥ በአንድ ምሽት ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አምስት ጥቃቶች ተፈጸሙ፤ ጥፋተኛ የተባለው የ16 ዓመት ልጅ ነበር። የ2019ኙ ሕግ አደገኛ አሲዶችን ከ18 ዓመት በታች ላሉ መሸጥን ወንጀል አደረገ፤ በኢንተርኔት የሚሸጠውንም አልተወም።

በኢትዮጵያም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ወጣት ላይ የደረሰው ጥቃት አገር አስለቅሷል፤ ለሕክምና እስከ ፈረንሳይ ተወስዳለች። ያ ጉዳይ ሲነሳ ዛሬም ቶሎ የሚታወሰው የአጥፊው ቅጣት ነው።

ፍርድ ቤት የተቃጠለ ፊት አይመልስም። መታወቂያ የጠየቀ ባለሱቅ ግን ፊቱ ሳይቃጠል ሊያስቀር ይችላል። ሕግ አውጪ ከቅጣቱ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ይህን ነው፦ አሲዱን ማን ይሸጣል? ለማን? ማንስ ይቆጣጠረዋል?