ሠዓሊው ሆጋርትና የሥዕሉ ሌቦች

ዊልያም ሆጋርት የሎንዶን ሠዓሊ ነበረ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1732 ዓ.ም. ከገጠር መጥታ በከተማ ስለ ጠፋች አንዲት ልጃገረድ የሚናገሩ ስድስት ሥዕሎችን በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ፥ አትሞ ሸጠ። ገዢም በዛለት፤ ዳሩ ግን ሌሎች አታሚዎች ወዲያው እየገለበጡ በርካሽ አወጡት። ድካሙ የእርሱ፥ ትርፉ የእነርሱ ሆነ። የመጻሕፍት ደራሲዎች በ1710 የወጣ ሕግ ሲጠብቃቸው፥ ለሥዕል ቀራጭ የሚከራከርለት ሕግ አልነበረም።

ሆጋርትም በማማረር ብቻ ሳይቀር ከባልንጀሮቹ ጋር ለፓርላማ አቤት አለ። የ1735ቱ ሕግ የራሱን ፈጠራ ለሚቀርጽ ሠዓሊ የ14 ዓመት መብት ሰጠ፤ በሰሌዳው ላይ የባለቤቱ ስምና የወጣበት ቀን እንዲጻፍ አዘዘ፤ ሌባውም በእጁ በተገኘው በያንዳንዱ ቅጂ አምስት ሽልንግ እንዲከፍል ወሰነ።

ሆጋርት የአባቱን ሀብት ስላባከነ ወጣት የሣላቸውን ስምንት ሥዕሎች ሕጉ እስኪጸና ይዞ ቈየ። ሌቦቹ ግን (ብልሃታቸውስ ያስደንቃል!) ገዢ መስለው ሥዕሉን የሚያዩ ሰዎች ወደ ቤቱ ላኩ፤ እነዚያም ያዩትን በልባቸው ይዘው ወጥተው አስቀረጹት፤ ከሕጉም ቀን አስቀድመው ሸጡት። ከሕጉ ይልቅ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው፤ ይኸውም በራሱ ፈቃድ አነስ ያለ ቅጂ አስቀርጾ በሁለት ሽልንግ ተኩል አሸጠ፤ ድኻው ገዢ ወደ ሌባው የሚሄድበት ምክንያት እንዳይኖረው።

ሆጋርት በ1764 ሞተ። ሰሌዳዎቹን ሚስቱ ጄን ወረሰች፤ ፓርላማውም በ1767 ሕጉን ሲያሻሽል ለእርስዋ ለብቻዋ የ20 ዓመት መብት ሰጣት።