እንጥሏ ወርዶ ነው

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ የአንዲት የዐሥር ወር ሕፃን ነገር ነው። አገሯን ደሴ ዙሪያ አድርጉት፤ ደብረ ብርሃን ብትሉም አልጣላችሁም።

ልጅቷ ስትወለድ ቶሎ አላለቀሰችም። ድምፅዋ የተሰማው አዋላጆቹ አሻሽተው፣ አየር ሰጥተው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ቤተሰቡ ግን ረስቶታል። ጡት ስትይዝ ይደክማታል፤ ግንባሯን ላብ ችፍ ይለዋል፤ አንዱን ጡት ለመጨረስ ሰዓት ትፈጃለች። ስድስት ወር ሞልቷት አጥሚት ሲጀመርላት ደግሞ ባሰባት። ትን ይላታል፣ ዓይኗ እንባ ያቀራል፣ ከጠጣች በኋላ ትንፋሿ ኻር ኻር ይላል።

አያት ፈረዱ። “እንጥሏ ወርዶ ነው! ሐሙስ ገበያ የሚመጣው ሰውዬ በአንዴ ይገላግላታል።” ጎረቤቱም ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በአገራችን ልጅ ባሳለው፣ ባስመለሰው፣ አልበላም ባለ ቁጥር ለእንጥሉ ምላጭ የተሳለበት ስንቱ ነው! ደሙ አልቆም ያለ አለ፣ ያመረቀዘበት አለ፣ መንጋጋ ቆልፍ የያዘው አለ። መዋጡም እንደ ቀድሞው አስቸጋሪ ሆኖ ይቀራል።

እንደ ዕድል ሆኖ ከሐሙስ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጣች። “እማማ፣ መጀመሪያ ስትመገብ ልያት” አለች።

አያት ልጅቷን ጭናቸው ላይ አንጋለሉ፤ መዳፋቸውን አጎድጉደው ከአፏ ገጠሙ፤ አጥሚቱን አንቆረቆሩ። ለመተንፈስ አፏን ስትከፍት ይጨምራሉ። አትፍረዱባቸው፤ ልጆቻቸውን ሁሉ ያሳደጉት በዚያው መዳፍ ነው።

የምግብና የአየር መንገድ ጉሮሮ ላይ ይገናኛል። ስንውጥ ትንፋሽ ለቅጽበት ይቆማል፣ የአየር ቧንቧው ይከደናል፣ ምግቡ ከኋላው ወርዶ ወደ ጨጓራ ያልፋል። ይህን የሚያዘው አንጎል ነው። በወሊድ ጊዜ አየር አጥሮት የተጎዳ አንጎል ግን ጡንቻውን በልኩ ላያዝ ይችላል፤ ያኔ አጥሚቱ ወደ ሳንባ ይሾልካል። የሚያስል ልጅ ቢያንስ ይናገራል። ሳያስል የሚሾልክበትም አለ፤ እሱን የሚያሳብቅበት እየተመላለሰ የሚይዘው የሳንባ ምች ብቻ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያዋ ካርዱን ገለጠች። የክብደቱ መስመር ተጋድሟል።

“የሳንባ ምች ስንቴ ያዛት?”

“ሦስቴ” አለች እናት።

“አንገቷ ጸንቷል?”

“ገና ነው።”

“ስትወለድስ አልቅሳለች?”

እናት አያትን አየች፤ አያትም እናትን። ይኸኔ ነው ነገሩ የወጣው።

ሪፈር ተጻፈ። ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪሙ ሳንባዋን አዳመጠ፣ አንገቷንና እግሯን ፈተሸ፣ ከዚያ ሲመግቧት አየ። በጀርባዋ አንጋላችሁ አታብሏት፤ ቀና አድርጋችሁ፣ አንገቷን ደግፋችሁ ያዟት፤ እንደ ውሃ የቀጠነው ቶሎ ስለሚያመልጣት ለእሷ ወፈር ይበልላት፤ በትንሽ ማንኪያ ጥቂት ጥቂት ስጧት አለ። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት ብሎም አስጠነቀቀ። ክትትሉ ረጅም እንደሚሆን አልደበቃቸውም።

አያት ግን ልባቸው አላረፈም። “እንጥሏስ?”

ሐኪሙ የልጅቷን አፍ በመብራት አሳያቸው። “ይቺውልዎት፣ እማማ፣ ቦታዋ ላይ ናት። አሁን እርስዎ ያብሏትና ልይ።”

ነጠላቸውን አጣፍተው ማንኪያውን ተቀበሉ። ሁለተኛውን ሊያስከትሉ ሲቸኩሉ ሐኪሙ “ትዋጥ! ትዋጥ!” እያለ እጃቸውን ደጋግሞ መለሰባቸው።