ሮበርት በርንስና የሕዝብ ዜማ

ስኮትላንድ በ1707 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በአንድ መንግሥት ከተጠቃለለች ወዲህ፣ ስኮትስ የተባለው የአገሬው ቋንቋ በብዙ ምሁራን ዘንድ እየተናቀ ሄደ። በ1759 ከገበሬ ቤት የተወለደው ሮበርት በርንስ ግን በ1786 የመጀመሪያ መድበሉን ያሳተመው በአብዛኛው በዚሁ ቋንቋ ነበር። ከዚያም በቃል ይወርዱ የነበሩትን የሕዝብ ዜማዎች እየሰበሰበ፣ የጐደለውን ስንኝ እየሞላ ለአሳታሚዎች ሰጠ፤ ኑሮው በቀረጥ ሠራተኛነት ደመወዝ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ለዚህ ድካሙ ዋጋ መቀበልን አልወደደም። ዕዳ አስጨንቆት አምስት ፓውንድ የለመነው በ1796 ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በ1801 ወዳጆቹ በተወለደበት ቤት የጀመሩት የመታሰቢያ እራት ዛሬም በየዓመቱ በልደቱ ዕለት፣ ጃንዋሪ 25፣ በግጥምና በዘፈን ይከበራል። በፈረንጆች ዘመን መለወጫ ሌሊት የወዳጅነት ዘፈኑን የሚዘምሩት ብዙዎች ስሙን አያውቁም፤ ከሕዝብ የተቀበለውን ለሕዝብ የመለሰ ባለቅኔ ግን በሕዝብ አፍ ይኖራል።