አረንጓዴው ነጥብ፦ የጀርመን የማሸጊያ ሕግ አመጣጥ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዐሥርታት ተመላሽ ጠርሙስ በቆርቆሮ፣ በካርቶንና በፕላስቲክ እየተተካ ሲሄድ፣ ባዶውን ዕቃ የመሰብሰብ ሸክም ከፋብሪካው ጫንቃ ወርዶ በማዘጋጃ ቤቶች፣ ማለትም በግብር ከፋዩ ሕዝብ ላይ ወደቀ። ትርፉ የአምራቹ፣ ቆሻሻው የከተማው ሆኖ የቆየበትን ይህን ፍትሕ የጎደለው አሠራር ለመለወጥ፣ ስዊድናዊው ቶማስ ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1990 ለአገሩ መንግሥት ያቀረበው ሐሳብ «የተራዘመ የአምራች ኃላፊነት» ይባላል፤ ይኸውም አምራቹ ዕቃውን ሸጦ ከመገላገል ይልቅ፣ ዕቃው አገልግሎቱን ጨርሶ እስኪወገድ ድረስ እንዲጠየቅበት ማድረግ ነው።

የቆሻሻ መድፊያ ቦታ እየጠበበ ያስጨነቃት ጀርመን በአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ በክላውስ ቶፕፈር ዘመን፣ በ1991፣ የማሸጊያ ደንብ አወጣች። ከሚያዝያ 1992 ጀምሮ ሸማቹ የጥርስ ሳሙናውን ቱቦ ብቻ ይዞ፣ የውጭ ካርቶኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ በተዘጋጀ ሳጥን ጥሎ እንዲሄድ ተፈቀደለት፤ የተከመረው ካርቶን ዕዳው የሆነበት ነጋዴም ፊቱን ወደ አቅራቢው አዞረ፤ ብዙም ሳይቆይ ቱቦው ያለ ካርቶን መደርደሪያ ላይ ይታይ ጀመር። ለዓመታት ያላንዳች ጥቅም የተመረተ ካርቶን የቀረው በምክር ሳይሆን ወጪው ወደ ባለቤቱ ስለተመለሰ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ለዋናው ማሸጊያ ደግሞ ኩባንያዎች በ1990 ባቋቋሙት «ዱዋሌስ ሲስተም ዶይችላንድ» በተባለ የጋራ ድርጅት አማካይነት ክፍያ እየፈጸሙ፣ የከፈሉበትን ዕቃ በአረንጓዴ ነጥብ ምልክት ያደርጉበት ነበር፤ ቤተሰቡም ፕላስቲኩንና ቆርቆሮውን ለይቶ በቢጫ ከረጢት ያወጣል። ሆኖም ምልክቱን እየተጠቀሙ ተገቢውን ክፍያ የማይከፍሉ በመብዛታቸው፣ የተሰበሰበው ፕላስቲክም መልሶ ከሚያመርቱት ፋብሪካዎች አቅም በላይ በመሆኑ፣ ድርጅቱ በ1993 ለኪሳራ ተቃርቦ ነበር፤ ከፕላስቲኩም ከፊሉ ወደ ውጭ አገር ተጋዘ። በዚያው ዓመት ክፍያው እንደ ማሸጊያው ዓይነትና ክብደት እንዲሆን ተወሰነ። የሕጉ እውነተኛ ጉልበት የታየው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የአንድ ኪሎ ፕላስቲክ ክፍያ ከአንድ ኪሎ ጠርሙስ ብዙ እጥፍ ሲበልጥ፣ ማሸጊያውን የሚነድፈው ባለሙያ እያንዳንዷን ግራም መቁጠር ግድ ሆነበት።

የአውሮፓ ኅብረት በ1994 ባወጣው የማሸጊያ መመሪያ ለአባል አገሮች የመልሶ ጥቅም ግብ ቢያስቀምጥም፣ ወጪውን አምራቹ ይሸፍን ብሎ አላስገደደም፤ ሁሉም አባላት ለማሸጊያ ሁሉ ይህን ሥርዓት እስከ 2024 መጨረሻ እንዲዘረጉ ያዘዘው በ2018 በተደረገ ማሻሻያ ነው።